ከሁለተኛው ተኩስ በኋላ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ጉዞዬ ላጫውታችሁ ቃል ገብቼ ነበር፤ አልቻልኩም። የልብ ወለዴ ምዕራፍ 7 ላይ ነኝ። አሁንም የአሜሪካዋ ግዛት ማሳቹሴትስ፣ አሁንም ያ በረዶ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1787። በዕዳና በግብር ተማረው ያመፁት ዳንኤል ሼይስና ገበሬዎቹ የስፕሪንግፊልድን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሊይዙ በረዶውን እየረገጡ ይመጣሉ። ባርኔጣቸው ላይ ለምለም ቅጠል ሰክተዋል። ከፊታቸው የጄኔራል ሼፐርድ ሚሊሺያ ቆሟል፤ የእነርሱ ምልክት ነጭ ወረቀት ነው። ቅጠልና ወረቀት! ሼይስም ሼፐርድም እኮ በነጻነት ጦርነቱ በአንድ ወገን ሆነው እንግሊዝን የተዋጉ ናቸው።

መድፉ ሁለት ጊዜ ከራሳቸው በላይ ተተኮሰ። አልቆሙም። ከዚያ አፈሙዙ ወደ ወገብ ዝቅ አለ። 4 ሰዎች ሞቱ፤ ሌሎቹ ተበተኑ።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ አፈሙዙ ዝቅ ሲል ያለው ጊዜ ነው። በልብ ወለዴ ውስጥ መድፉን የሚለኩስ ወጣት አለ፤ የሚጨስ ገመድ ይዟል። ከሚመጡት መካከል የጎረቤቱን አረማመድ ይለያል። መጀመሪያ አስለቀስኩት፤ ውሸት ሆነብኝ። ትናንት ሌሊት ደግሞ ምንም ሳይሰማው እንዲለኩስ አደረግኩት። ያኛው የባሰ አስጨነቀኝ፤ ምናልባት እውነት ስለመሰለኝ ይሆናል።

እናቴ እንደምታውቋት በደወለች ቁጥር «ሰውዬው ሰይፉን ሸጠው?» ትላለች። ፈረንሳዊው ጄኔራል ላፋዬት ለሼይስ የሸለመውን ሰይፍ ማለቷ ነው። አዎ እማዬ፣ ሸጠው፤ ዕዳ ነበረበት። የነጻነት ጦርነቱ ወታደሮች በደመወዝ ፋንታ የተሰጣቸውን የመንግሥት የዕዳ ወረቀት ሲቸግራቸው በርካሽ ሸጡ። ቆይቶ ግዛቲቱ ለወረቀቱ ገዢዎች ሙሉውን ለመክፈል ግብር ጣለች፤ ግብሩም በብር ወይም በወርቅ ይከፈል ተባለ። ከማን? ከእነዚያው ገበሬዎች! ያልከፈለ መሬቱ ይሸጣል፣ ባለዕዳ ይታሰራል። ገበሬዎቹ አምፀው ፍርድ ቤቶቹን የዘጉት ለዚህ ነው። ይህን ስጽፍ ብዕሬ ይንቀጠቀጣል።

ግን ደግሞ... ግምጃ ቤቱ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ጠመንጃ ነበር። ሼፐርድ መንገድ ቢለቅ ኖሮስ? በሜይ ወር ፊላደልፊያ ተሰብስበው የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰዎች ይህ ፍርሃት ነበረባቸው። ሕገ መንግሥቱን የወለደው ያ መድፍ ነው ልበል? አይ፣ እንዲህ ብዬ አልጽፍም። ቢያንስ በምዕራፍ 7 አልጽፍም።

ትናንት እናቴ ጥያቄዋን ቀየረችብኝ። «ሰይፉን የገዛውስ ሰው?» አለችኝ። እኔ ገዢ የሚባል ሰው በታሪኬ ውስጥ ጨርሶ አላስገባሁም። ከወጣቱ ኋላ፣ ወረቀቱን ባርኔጣው ላይ አድርጎ፣ ሰይፉን ታጥቆ ቢቆምስ... ቆይ፣ እንደዚያ ከሆነ ወጣቱ ዞር ብሎ...