አድሚራል የሚወጣው ከየትኛው መርከብ ነው?

(ባህር ዳር ላይ ለዕጩ የባህር መኮንኖችና ለነባር ባህረኞች የተዘጋጀ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ ምፅዋንና አሰብን የምታውቁ አባቶቻችን፣ ከዘጌ፣ ከቁንዝላ፣ ከዳንግላ፣ ከሞጣ የመጣችሁ ዕጩ መኮንኖች፤ እንደምን አደራችሁ!

በመርሐ ግብሩ ላይ የተጻፈልኝ ርዕስ «የባህር ኃይል መኮንን የሙያ ዕድገት» ይላል። የማዕረጉን መሰላል በቃላችሁ ስለምታውቁት እሱን እየዘረዘርኩ ጠዋታችሁን አላቃጥልም። እኔን ያስነሳኝ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ሰው አድሚራል እስኪባል ባለው ሃያ አምስት፣ ሠላሳ ዓመት ውስጥ የት የት ተመደበ? ምን አዘዘ? ምን አጠፋ? ትከሻው ላይ ያለውን ኮከብ ሕፃንም ይቆጥረዋል። ስላዘዘው መርከብ የሚጠይቅ ነው የጠፋው።

የአሜሪካዊውን አድሚራል የቼስተር ኒሚትዝን ነገር ልንገራችሁ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። እ.ኤ.አ. በ1885 ፍሬደሪክስበርግ በምትባል ኮረብታማ የቴክሳስ ከተማ ተወለደ። ባህር የማይታይበት አገር ነው፤ እንደ ሞጣ በሉት። በ1905 ከባህር ኃይል አካዳሚ ተመረቀና ገና በ22 ዓመቱ ፊሊፒንስ ላይ «ዴካተር» የተባለች አጥፊ (ዲስትሮየር) የጦር መርከብ ተሰጠችው። በ1908 ሐምሌ ላይ ወደ ባታንጋስ ወደብ ሲገባ ያለበትን ቦታ በመለካት ፈንታ በግምት ያዘ፤ ባህሩ እየሞላ ይሁን እየጎደለ አላየም። መርከቧ ጭቃ ላይ ቁጭ አለች። ቢሏት ቢሠሯት አልነቃነቅ አለች። ታዲያ ልጁ ምን አደረገ? የሸራ አልጋውን ከላይ ወለሉ ላይ ዘርግቶ ተኛ! ሲነጋ አንዲት ትንሽ የእንፋሎት መርከብ ጎትታ አወጣቻቸው። እሱም ለወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ተግሣጽ ተጻፈበት።

ብዙ ቢሮ ቢሆን የልጁ ፋይል እዚያ ላይ ይዘጋ ነበር። የእሱ አልተዘጋም። ትልልቆቹን የጦር መርከቦች ሲመኝ ማንም የማይሻማበት ሰርጓጅ መርከብ ላይ ተመደበ። ያኔ የሰርጓጅ ሞተር በቤንዚን ነበር የሚሠራው፤ በታፈነ ክፍል ውስጥ ትነቱ ሰው ይጥላል፣ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። ኒሚትዝ «ዲዝል ይግባበት» ብሎ ያዘ። በ1913 ጀርመን ተልኮ ሞተሩን አጠና፤ ተመልሶ «ሞሚ» ለተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ የዲዝል ሞተር ሲሠራ ቆየ። አንድ ቀን ለጎብኚዎች ሲያሳይ ጓንቱን የሞተሩ ማርሽ ጥርስ ያዘውና የቀለበት ጣቱን ከፊሉን በላው፤ ቀሪውን ያተረፈለት ቀለበቱ ነው። በ1917 አጥፊ መርከቦች ወደ አየርላንድ ሲሻገሩ ይህችው ሞሚ አትላንቲክ መሐል ጎን ለጎን እየሄደች በቱቦ ነዳጅ ቀዳችላቸው። ቱቦውና ገመዱ እንዴት እንደሚያያዝ ከወጠኑት አንዱ ያ ጣቱ የተቆረጠው መኮንን ነበር።

አሁን ወደ ዲሴምበር 31 ቀን 1941 እንምጣ። ፐርል ሃርበር የተባለው የአሜሪካ የባህር ኃይል ሰፈር በጃፓን ተደብድቧል። ኒሚትዝ የፓሲፊክን ጦር መርከቦች ሁሉ የተረከበው «ግሬይሊንግ» በተባለች ሰርጓጅ መርከብ ወለል ላይ ቆሞ ነው። ያንን ስፋት ያለው ውቅያኖስ ለመዋጋት ከባህር ላይ ነዳጅ መቅዳት ግድ ነበር፤ ሰርጓጅ ምን እንደሚችል ማወቅ ግድ ነበር። ከ1939 ጀምሮ ደግሞ የሰው ኃይል ምደባውን ቢሮ ስለመራ የትኛው ካፒቴን ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን ያውቃል። ስህተቱም፣ የቤንዚን ሽታውም፣ የቢሮ ወንበሩም ተደምረው ነው እዚያ ያደረሱት።

«ጣና ላይ ደግሞ ምን ባህር ኃይል አለ?» እያላችሁ የምትስቁ አላችሁ። ሳቃችሁ እስከዚህ ድረስ ይሰማኛል! ሰርጌይ ጎርሽኮቭን ታውቁታላችሁ? ሶቪየት ኅብረትን ከባህር ዳርቻ ጠባቂነት ወደ ውቅያኖስ ኃይልነት ያወጣ፣ ከ1956 እስከ 1985 ባህር ኃይሏን የመራ ሰው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የት ነበር? ጥልቀት የሌለው የአዞቭ ባህር ላይ፣ ቀጥሎም በ1944 ዳንዩብ ወንዝ ላይ ነበር። ወንዝ ነው ያልኳችሁ! በትንንሽ ጀልባ እግረኛ ጦር ማሻገር፣ ከምድር ጦር አዛዥ ጋር ተስማምቶ መሥራት እዚያ ተማረ። ስለዚህ ጣናን የሚንቅ መኮንን ጎርሽኮቭንም ይናቅና እንየው።

ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ጣና የማያስተምረው አለ። የጣና ውሃ ክረምቱን ተከትሎ ነው ከፍና ዝቅ የሚለው፤ በግንቦትና በሰኔ ይወርዳል፣ መስከረም ላይ ይሞላል። ምፅዋ ላይ ባህሩ በየቀኑ ወደ አንድ ሜትር ይወጣል ይወርዳል፤ ጅቡቲ ላይ ከዚያም ይበልጣል። ኒሚትዝን ያዋረደው ይኸው ነው፤ እዚህ ብቻ የሠለጠነ ልጅም የሚወድቀው እዚያው ላይ ነው። ጣና ጨው የለውም፤ ያው አንድ መርከብ እዚህ ከባህሩ ይልቅ ጠለቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ጨው ብረቱን እንዴት እንደሚበላ፣ በብረቱ ፈንታ እንዲበላ ከቀፎው ሥር የሚታሰረው ዚንክ መቼ እንደሚለወጥ እዚህ አይታይም። ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለን ሞተሩ አየር ያጥረዋል፤ እዚህ የለመዳችሁት ጉልበትና የነዳጅ ፍጆታ ጅቡቲ ላይ አይሠራም። ንፋሱን ግን ጣና ያስተምራል። የደንገል ታንኳ ቀዛፊው በጠዋት የሚሻገረው ከሰዓት በኋላ ውሃው እንደሚቆጣ ስለሚያውቅ ነው።

አሁን ወደ መጣሁበት። አባቶቻችን አስመራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1956 የተከፈተው የባህር ኃይል ኮሌጅ 52 ወር እንደሚፈጅ ያስታውሳሉ። ከዚያ ወጥቶ «ኢትዮጵያ» በተባለችው የባህር ኃይሉ ዋና መርከብ ላይ ፈረቃ መቆም ነበር። በ1991 መርከቦቹ ወደ የመን ሸሹ፤ በ1996 የቀረው ጅቡቲ ላይ በጨረታ ተሸጠ። ባህር ኃይሉ እንደገና እንደሚቋቋም የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከጨረታው ወዲህ እንኳ 22 ዓመት! ሌተናንቱ ኮማንደር፣ ኮማንደሩ ካፒቴን የሚሆንበት ዕድሜ መርከብ አልባ ሆኖ አለፈ። መርከብ በገንዘብ ይገዛል፤ ሁለት ዓመት ጠብቆ መረከብ ይቻላል። ሃያ ዓመት መርከብ ላይ የቆየ መኮንን የሚሸጥበት ገበያ ግን የት አለ?

ታዲያ ክፍተቱን በማዕረግ እንድፈነው የሚሉ ሰዎች አሉ። «ኮከቡን እንስጠው፣ መርከቡ ይደርሳል» ይላሉ። ጎበዝ፣ ይህ ገበሬን በሬ ሳይኖረው የእርሻ ሹም ማለት ነው! እንግሊዞች ሞክረውታል። ካፒቴን የሆነ ሁሉ ከላዩ ያለው ሲሞትለት በተራው ወደ አድሚራልነት ይወጣ ነበር፤ ብቃቱን የሚጠይቅ የለም። ሲቸግራቸው ከ1747 ጀምሮ ለአንዳንዱ ማዕረጉን ሰጥተው የሚያዘውን ቡድን ነሱት። ባህረኛው «ቢጫ አድሚራል» እያለ ሳቀባቸው፤ በቀይ፣ በነጭ፣ በሰማያዊ ከሚጠሩት ቡድኖች አንዱም የእነሱ አልነበረምና። እኛም ቢጫ እንሰፋ ወይ?

ያንኑ እንግሊዝ ደግሞ በሰርጓጅ አዛዦች ላይ እዩት። «ፔሪሸር» የሚሉት ኮርስ አላቸው። ዕጩው ባህር ውስጥ፣ አስተማሪው ከጀርባው ቆሞ ይፈተናል። ካልቻለ ሻንጣው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ ጀልባ መጥታ ትወስደዋለች፤ አንድ ጠርሙስ ዊስኪ አስይዘው ይሸኙታል። ከዚያ በኋላ በሰርጓጅ መርከብ ላይ አያገለግልም። ጨካኝ ነው? አዎ። እኔ ግን ልጄን የማሳፍረው እዚያ ያለፈ ሰው ባዘዘው መርከብ ላይ ነው።

ሌላው በሽታ መቅበዝበዝ ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል። ዛሬ በአሜሪካኖቹ ዘንድ እንኳ አንድ አዛዥ መርከብ ላይ የሚቆየው ዓመት ተኩል ያህል ነው። በሜዲትራኒያን ጣሊያንን የተጋፈጠው እንግሊዛዊው አድሚራል አንድሩ ከኒንግሃም «ስኮርፒዮን» የተባለችውን አጥፊ መርከብ ከ1911 እስከ 1918 ያዘዘ ሰው ነው። ሰባት ዓመት በአንድ መርከብ! በ2017 ደግሞ «ፊትዝጄራልድ» እና «ማኬይን» የተባሉት የአሜሪካ አጥፊ መርከቦች በሁለት ወር ልዩነት ከንግድ መርከቦች ጋር ተጋጭተው 17 ባህረኛ ሞተ። ማኬይን ላይ የመሪውና የፍጥነቱ መቆጣጠሪያ በስክሪን ላይ ተለያይቶ ማን ምን እንደያዘ አልታወቀም፤ በፊትዝጄራልድም ሆነ በማኬይን የሥልጠና ጉድለት ተገኘ። ጡረታ ሊወጣ የተቃረበው የሰባተኛው ፍሊት (የጦር መርከቦች ጓድ) አዛዥ ሳይቀር ተነሣ።

ስለ ቢሮ ምደባ ብዙ አልልም፤ ያስፈልጋል፣ ግን ከመርከብ በኋላ ይምጣ። ከምድር ጦርና ከአየር ኃይል ጋር መሥራትም እንዲሁ፤ አሜሪካ ከ1986 ወዲህ ይህን በሕግ አስገድዳለች።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የማንም መኮንን ስም ለሹመት ከመነሳቱ በፊት የውሃ ላይ መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ስንት ሰዓት ፈረቃ ቆመ፣ ስንት ጊዜ ራሱ መርከብ ወደብ አስገባ፣ ስንት ጊዜ መሬት አስነካ። የመጨረሻው ባዶ ከሆነ ደግሞ ጠርጥሩት፤ ከወደብ ያልወጣ ሰው ሊሆን ይችላል።

ዕጩዎች፣ ጀልባው አራት ሰዓት ላይ ይነሳል። ንፋሱ ሳይነሳ መመለስ አለብን፤ የሕይወት አድን ጃኬት ያልታጠቀ አይሳፈርም።