እንቅፋቱ ከምቱ ጋር አልገጥም የሚለው ለምንድን ነው?

[ስክሪን፦ ትንሽ ኪዩብ በሾሎች ላይ እየዘለለች ትሮጣለች። ከበሮው ይመታል፤ ዝላይዋ ቀስ በቀስ ከምቱ ይርቃል።]

በሙዚቃ ምት እንቅፋት የሚዘለልበትን ይህን ጌም የሚጫወት ሰው መጀመሪያ ላይ ደስ ይለዋል፤ ደቂቃ ሲሞላ ግን መውደቅ ይጀምራል። ጥፋቱ የእጁ አይደለም። ሙዚቃውና እንቅፋቶቹ የሚሄዱት በተለያየ ሰዓት ነው።

በቁጥር እንየው። ዘፈኑ 128 ቢፒኤም ከሆነ፣ ማለትም በደቂቃ 128 ጊዜ የሚመታ ከሆነ፣ 60 ለ128 ሲካፈል ከምት እስከ ምት 0.46875 ሰከንድ ነው። 0.47 ብላችሁ ካጠጋጋችሁት በአንድ ምት የምትስቱት 1.25 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ማንም አያስተውለውም። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ግን 256 ምት አለ፤ ስህተቱ ተጠራቅሞ 320 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ከግማሽ ምት በላይ ይሆናል። ስለዚህ ካለፈው እንቅፋት ላይ እየደመራችሁ አትሂዱ። የምቱን ተራ ቁጥር፣ የመጀመሪያውን ዜሮ ብላችሁ፣ በ60 አባዙ፣ ለቢፒኤሙ አካፍሉ፣ የመጀመሪያው ምት እስኪመታ ያለውንም ጊዜ ጨምሩበት። ኤምፒ3 መጀመሪያው ላይ ትንሽ ባዶ ድምፅ ስለሚጨምር ኦግ ወይም ዌቭ የሚባለው የድምፅ ፋይል ይሻላል።

[ስክሪን፦ ሁለት ሰዓቶች፤ አንዱ «ፍሬም»፣ ሌላው «ድምፅ» የሚል ጽሑፍ አለው።]

ሁለተኛው ችግር ጊዜን ፍሬም፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ የሚቀያየሩትን ምስሎች፣ በመቁጠር መለካት ነው። ስልኩ ለአፍታ ሲንቀረፈፍ ፍሬም ይዘላል፤ ሙዚቃው ግን አይጠብቅም። የኪዩቧን ቦታ ከድምፁ ሰዓት አስሉ፤ ዩኒቲ በሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ውስጥ ዲኤስፒ ታይም የሚባለው ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ የድምፅ ሰዓት የሚራመደው በቁራጭ ነው። ቁራጩ 1024 ናሙና (ጥቃቅን የድምፅ ልኬት)፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 48,000 ናሙና ከሆነ በየ21 ሚሊሰከንዱ ይዘላል፤ ፍሬም ደግሞ በሰከንድ 60 ከሆነ በየ17ቱ ይመጣል። በቀጥታ ካነበባችሁት እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል። ኪዩቧን በሁለት ፍሬም መካከል ባለፈው ጊዜ አራምዱ፤ ከድምፁ ሰዓት ጋር ያለውን ልዩነት ደግሞ በየፍሬሙ በጥቂቱ አርሙ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። ምቱ ላይ ማረፍ ያለበት ሾሉ ሳይሆን ጣቱ ነው። ተጫዋቹ ከበሮውን ሰምቶ ነው የሚነካው። ኪዩቧ በሰከንድ 8 ሜትር የምትሮጥ፣ ዝላይዋም 0.4 ሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ፣ ከፍታዋ ጫፍ የሚደርሰው 0.2 ሰከንድ ላይ ነው። ሾሉን ከምቱ ቦታ 1.6 ሜትር ወደፊት አስቀምጡት። ይህ ሳይደረግ ሌላው ሁሉ ቢስተካከል እንኳ ጌሙ ከሙዚቃው ጋር የሚጨፍር አይመስልም።

የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ያዘገያል። ቅንብር ውስጥ መለኪያ አስገቡ፦ ተጫዋቹ 16 ጊዜ ከምቱ ጋር ይንካ፤ ከልዩነቶቹ አማካዩን ሳይሆን መሃለኛውን፣ በመጠን ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን፣ ውሰዱ። አንድ የተሳሳተ ንክኪ አማካዩን ያበላሸዋል።

[ስክሪን፦ አንድ ምት መጀመሪያ ለአራት፣ ቀጥሎ ለሦስት ሲከፈል።]

በችክችካ ለሚሠሩ ደግሞ ይህን እንጨምር። ችክችካ በሙዚቃ ቋንቋ ስድስት ስምንተኛ (6/8) ምት ነው፤ ዋናው ምት የሚከፈለው ለሦስት ነው። የጌም ደረጃ (ሌቭል) መሥሪያ መሣሪያዎች ግን ለአራት መክፈል ይቀናቸዋል። ምቱ 500 ሚሊሰከንድ ቢሆን የችክችካው ክፍሎች 167 እና 333 ላይ ይወድቃሉ፤ የአራቱ ፍርግርግ 125፣ 250 እና 375 ላይ። በጣም የሚቀርበው እንኳ 42 ሚሊሰከንድ ይስታል፤ ጆሮ ይህን ወዲያው ይለየዋል። ፍርግርጉን ለሦስት ወይም ለስድስት ክፈሉት።

በባንድ በቀጥታ የተቀረጸ ዘፈን ከሆነ ቴምፖው (የምቱ ፍጥነት) ራሱ ይፈጥናል፣ ይዘገያል፤ አንድ ቢፒኤም አይበቃውም። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ሶፍትዌር ላይ ዘፈኑን እያጫወታችሁ በየምቱ ኮንትሮልና ኤምን ተጫኑ፤ ምልክት ያስቀምጣል። እጅ ስለሚዘገይ እያንዳንዱን ምልክት በድምፁ ሞገድ ላይ የከበሮው ጫፍ ወደሚጀምርበት ጎትቱት። ምልክቶቹ እንደ ጽሑፍ ፋይል በሰከንድ ይወጣሉ፤ ጌሙ እንቅፋቶቹን ከዚያ ዝርዝር እያነበበ ያስቀምጥ።