የቨርጂኒያ የኢንዱስትሪ ክላስተሮችና የእኛ ድርሻ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣

እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ወደ ሒሳብ ሪፖርቱ ከመሄዳችን በፊት፣ የምንነግድበትን የቨርጂኒያን ኢኮኖሚ የትኞቹ ክላስተሮች፣ ማለትም በአንድ አካባቢ ተጠጋግተው የሚሠሩ ተዛማጅ ድርጅቶች፣ እንደሚያንቀሳቅሱትና ከዚያ ውስጥ ለንግድ ቤቶቻችን ምን እንደሚደርስ ጥቂት ልበል።

በደቡብ ምሥራቅ፣ ኒውፖርት ኒውስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1886 የተመሠረተው የመርከብ መሥሪያ የኖርፎክን ወደብና የባሕር ኃይሉን ጦር ሰፈር ተጎራብቶ ይሠራል፤ በእኛ በኩል ባለው ሰሜኑ ክፍል ደግሞ ለዋሽንግተን ቅርበት ሲሉ የሰፈሩ የፌዴራል መንግሥት ተቋራጮች አሉ።

ለደጃችን የሚቀርበው ግን የላውደን ካውንቲ የዳታ ማዕከላት፣ ማለትም የኢንተርኔት መረጃ የሚያከማቹና የሚያስተላልፉ ኮምፒውተሮች የሞሉባቸው ሕንፃዎች፣ ክላስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተለያዩ ኩባንያዎች መረብ ከሚገናኝባቸው የመጀመሪያዎቹ የኢንተርኔት መገናኛዎች አንዱ እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ታይሰንስ ላይ ስለነበረ፣ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ኤኦኤልም ዋና መሥሪያ ቤቱን ላውደን ውስጥ ወዳለው ደለስ ስላዛወረ፣ መረጃ የሚተላለፍበት የፋይበር መስመር እዚያው ተዘረጋ፤ መስመሩ ባለበት አንዱ ኩባንያ ሲተከል ሌላውም ከእሱ ጋር ለመገናኘት ሲል አጠገቡ መሬት ገዛ። ዛሬ በላውደኗ አሽበርን ላይ መስኮት አልባ ግዙፍ ሕንፃዎች ጣሪያቸው ላይ ማቀዝቀዣ፣ ጓሯቸው የናፍጣ ጄኔሬተር ተደርድሮባቸው ቆመዋል። ካውንቲው ከውስጣቸው ካሉት ኮምፒውተሮች ብዙ ግብር ይሰበስባል። ብዙዎቻችን ግን በራቸውን የምናውቀው ተሳፋሪ ስናወርድ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ሕንፃው ካለቀ በኋላ በቋሚነት የሚቀጥረው ሰው ጥቂት ነው፤ ሰፊው ሥራ ያለው በግንባታው ወቅት፣ በኤሌክትሪክና በማቀዝቀዣ ተከላ፣ ከዚያም በጥገና፣ በጥበቃና በጽዳት ውል ላይ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጎን ለጎን የከፈትናቸው ምግብ ቤቶችና ሱቆች በራሳቸው ትንሽ ክላስተር ቢሆኑም፣ የሚሻሙት ያንኑ የእኛኑ ደንበኛ ነው፤ ይህ በእኔ እምነት ዋናው ድክመታችን ነው። ልጆቻችን የኤሌክትሪክ ሙያ ፈቃድ ቢያወጡ፣ ሁለት ሦስት አባላት ተጣምረው የተቋራጭነት ፈቃድና በቂ ኢንሹራንስ ቢይዙ፣ ከዋናው ተቋራጭ ሥር ንዑስ ውል መውሰድ ይቻላል። ስዋም የሚባለው የግዛቲቱ የአነስተኛ ድርጅቶች ምስክር ወረቀትም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ግዢ ለመወዳደር ይጠቅማል፤ የግል ኩባንያዎቹን በር ግን ብቻውን አይከፍትም።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው፣ ከዚህ ዓመት መዋጮ ከፊሉ ለፈቃድ ፈተና ዝግጅትና ለጋራ ኢንሹራንስ ጥናት እንዲውል የውሳኔ ሐሳብ አዘጋጅቷል። ሐሳቡ ሁለተኛው አጀንዳ ላይ ስለሚገኝ ተወያይታችሁበት ድምፅ እንድትሰጡበት እየጠየቅሁ፣ ጉባኤው መከፈቱን አስታውቃለሁ።