አምፖሉ በምን ተሰቅሎ ነበር?

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ አካም ቡልታን! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድም እህቶቼ፣ የጅማ ዶሮ አርቢዎች በሙሉ። ኮሚቴው ስለ ክረምት ዝግጅት ባጭሩ ተናገር ብሎኝ ስለ ክትባትም ስለ መኖም ትንሽ ትንሽ ጽፌ ነበር፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ እዚህ የቆምኩት ለአንድ ነገር ነው፣ ስለ እሳት። ክትባቱን የእንስሳት ሀኪሟ ከኔ በኋላ ትነግራችኋለች፣ እሷ ይበልጥ ታውቀዋለች፣ እኔን ስለ እሳት ስሙኝ።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ስብሰባ ጠዋቱን በሙሉ ያወራነው ስለ መኖ ዋጋ ነው። እሺ፣ መኖ ገድሎናል፣ ማንም አይክድም። ግን ከመሃላችን የጫጩት ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ እያለ የእሳት ነገር "ልዩ ልዩ" ከሚለው ስር ገብቶ፣ ሰው ለመውጣት ብድግ ብድግ ሲል ነው የተነሳው። ይሄ ልክ አይደለም! መኖ ቢወደድ ከትርፍህ ነው የሚቀንሰው፣ እሳት ግን ጫጩቱንም ቤቱንም ልጅህንም ነው የሚወስደው።

ሁላችሁም የምታውቋት አንድ እህታችን አለች፣ ስሟን አልጠራም፣ ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች። በኅዳር ወር ነው። የኅዳርን ሌሊት ታውቁታላችሁ፣ ከተማችን ከ1,700 ሜትር በላይ ነች፣ ቀን ፀሐይ ቢሆንም ሌሊቱ ይቆረጥማል፣ የአንድ ቀን ጫጩት ደግሞ ያለ ሙቀት አንድ ሌሊት አያድርም። እሷም 300 የሳሶ ዝርያ ጫጩት አስገብታ 45 ቀን ሲሞላቸው ለገና ልትሸጥ ነው ሀሳቧ። ቤቱ የጭቃ ነው፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ የተወጠረ፣ ግድግዳው ነፋስ እንዳያስገባ በካርቶን የተለበጠ፣ መሬቱ ላይ የቡና ገለባና ከእንጨት ቤት የመጣ ሰጋቱራ ተነጥፏል። ያንን ባለ 250 ዋት ቀዩን የማሞቂያ አምፖል አራት ሰቅላለች። ሁላችንም የምንሰራውን ነው የሰራችው፣ እሷን አትውቀሱ።

ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ ጩኸት ሰምተን ወጣን፣ ስንደርስ ጭሱ በቆርቆሮው ስር እየተግተለተለ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ፣ ማን ባልዲ ማን ጄሪካን ይዞ፣ አንድ ወጣት ውሃውን ሊደፋ ሲል አንድ አዛውንት እጁን ለቀም አድርገው "ኧረ ልጄ መብራቱ አልጠፋም!" አሉት፣ ያንን ልጅ ያተረፉት እሳቸው ናቸው። መብራቱ ይጥፋ ተባለ፣ የክፍሉ ማጥፊያ ያለው ውስጥ፣ በሚነደው ግድግዳ ላይ። ከቆጣሪው ይጥፋ ተባለ፣ ቆጣሪው ከሌባ ተብሎ በላሜራ ሳጥን ተቆልፏል፣ ቁልፉ የት ነው? ቤት ውስጥ። እስቲ አስቡት፣ ሰው ውሃ ተሸክሞ ቆሞ እያየ ቁልፍ በድንጋይ ሲሰበር! ቁልፉ ተሰብሮ መብራቱ እስኪጠፋ ኮርኒሱ ተያይዞ ወርዷል። ልጆቿ ያን ቀን አያታቸው ጋ ነበሩ፣ አልሀምዱሊላህ። ከጫጩቶቹ ግን አንድም አልተረፈም።

ጠዋት ሰው ሁሉ ምን አለ? "ኮንታክት ነው።" ጎረቤቱም ኮንታክት፣ ሪፖርቱም ኮንታክት፣ በቃ ተዘጋ። እኔ ግን ገብቼ አየሁ። ወደ በሩ ጥግ እሳቱ ያልደረሰበት አራተኛው አምፖል እንደተሰቀለ ቀርቷል። የተሰቀለው በሲባጎ ነው። ከሆልደሩ በላይ አንድ ስንዝር የሚያህለው ሲባጎ መልኩ ቡናማ ሆኗል፣ በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ ደረቀ ቅጠል ፍርፍር አለ። ሆልደሩ ፕላስቲክ ነው፣ አፉ ጠቁሮ ለስልሶ አምፖሉ ዘንበል ብሏል። አንድ ሁለት ሌሊት ቢያድር እሱም ይወድቅ ነበር።

አሁን ይቺን በደንብ ስሙኝ። አምፖሉ ሲወድቅ አይጠፋም! ገመዱ እንደተያያዘ ነው፣ ገለባው ላይ በፊቱ ተደፍቶ መብራቱን ይቀጥላል። ብሬከር ደግሞ የሚወርደው ሽቦና ሽቦ ሲገናኝ ወይም ጭነት ሲበዛ ነው፣ ገለባ ላይ የተኛ አምፖል ለብሬከሩ ጤነኛ አምፖል ነው፣ የሚስበው ያንኑ 250 ዋት ነው። ስለዚህ ብሬከር አለኝ ብሎ የሚተኛ ሰው አይተኛ። ገለባው መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ይጨሳል፣ ቀስ ብሎ ውስጥ ውስጡን ይነዳል፣ ላባና አቧራው ሲያገኘው ግን ያኔ ደርሰህም አትይዘው። ይሄን ኮንታክት ካልነው ዓመት ጠብቀን ደግመን እንቃጠላለን! ቤት በተቃጠለ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ አምፖሉ በምን ተሰቅሎ ነበር የሚለው ይሁን።

ውጭ አገር ቤታቸው ውስጥ ኤሊ የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ፣ ኤሊ ሰውነቱን የሚያሞቀው ከውጪ ባገኘው ሙቀት ስለሆነ የማሞቂያ አምፖል ይሰቅሉለታል፣ እነሱንም የሚያቃጥላቸው ይሄው ነው፣ የወደቀ አምፖል። እንስሳው ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ሻጮቹንም ሳልናገር አላልፍም። ጫጩቱን፣ መኖውን፣ አምፖሉን፣ ሆልደሩን አንድ ላይ በፓኬጅ ይሸጡልሃል፣ ሆልደሩ የሳሎን አምፖል የሚያዝበት ፕላስቲክ፣ መስቀያ የለው፣ ወንፊት የለው። በምን ልስቀለው ስትላቸው "በገመዱ አንጠልጥለው" ይሉሃል! የሰው ቤት ነው እኮ! አንድ የሸክላ ሆልደርና አንድ ሜትር ሰንሰለት ቢጨምሩበት ምን ይጎድልባቸዋል? ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ አዳራሽ የወጣ ሰው በፕላስቲክ ሆልደር ማሞቂያ አይግዛ፣ ሁላችንም ባንድ ላይ እምቢ ካልን ራሳቸው ያመጡታል።

የሚደረገው ከባድ አይደለም። ሰንሰለት ወይም ወፍራም ሽቦ፣ ከጣሪያው እንጨት ላይ በመንጠቆ። ደግሞ አንድ አይበቃም፣ ሁለት ይሁን፣ ሁለተኛው ከሌላ እንጨት ላይ ይታሰር፣ አንዱ ቢለቅ ሌላው ይይዘዋል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ኤሌክትሪክ ብቻ ይሸከም፣ ክብደት አይሸከም። ከአምፖሉ ስር የሽቦ ወንፊት ይኑር፣ ቢወድቅ እንኳ መስታወቱ ገለባውን አይነካም። ከገለባው ከ50 ሳንቲ ሜትር በታች አይውረድ፣ በረደኝ የሚል ጫጩት ካለ አምፖል ጨምር እንጂ አታውርደው። ዙሪያውን የምንከልልበት ካርቶን ይቅርና ላሜራ ይሁን። ውሃ መጠጫው ከአምፖሉ ራቅ ይበል፣ ውሃ የተረጨበት ትኩስ አምፖል ይፈነዳል።

ደሞ 45 ቀን ሙሉ አምፖል የሚያበራ ሰው አለ፣ ለምን? በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ነው የሚፈልጉት፣ ከዛ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፣ ላባ እያወጡ ሲሄዱ አምፖሉን እያነሳህ እየቀነስክ ትሄዳለህ። ቴርሞሜትር ከሌለህ ጫጩቶቹን እያቸው፣ አምፖሉ ስር ተደራርበው ከጮሁ በርዷቸዋል፣ ሸሽተው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል፣ ተበታትነው ከበሉና ከተኙ ልክ ነው። ያለ መብራትም የሚሰራ አለ፣ ሃይቦክስ የሚባለው፣ ሳር ዙሪያውን የታጨቀበት ሳጥን፣ ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት የሚያድሩበት፣ እዚሁ ጅማ ግብርና ኮሌጅም የተሞከረ ነገር ነው። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ፣ እኛ ግን ሄደን አንጠይቅም፣ ይሄ ያናድደኛል።

የቀረውን ባጭሩ። አራት አምፖል 1,000 ዋት ነው፣ የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ ሁለቱን ባንድ ማከፋፈያ አትሰኩ፣ ለጫጩት ቤቱ ከብሬከሩ የራሱ መስመር ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ይሳብለት። መብራት ሲሄድ ከሰል አስገብታችሁ በር አትዝጉ፣ ጭስ ባይኖረውም ይገድላል፣ ጫጩቱንም አብሮት የሚተኛውንም ሰው። የሞቀ ውሃ በጄሪካን አድርጋችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ መሃላቸው አስቀምጡ። መብራቱ ሲመጣ ሌሊትም ቢሆን ተነስታችሁ እዩ። አይጥ ገመድ ይበላል፣ አቧራውም ይጠረግ፣ አምፖሉ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ። የቆጣሪው ቁልፍ ደግሞ አንዱ ጎረቤት ጋ ይቀመጥ።

ኮሚቴውን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰንሰለቱንና የሸክላ ሆልደሩን ማህበሩ በጅምላ ይግዛልን፣ መርካቶ ሰንሰለት በሜትር ይሸጣል፣ ዋጋውን እየከፈልን እንወስዳለን። ሁለተኛ፣ ክረምቱ ሳይገባ ከየቀበሌው ሁለት ሁለት ሰው ተመርጦ የያንዳንዳችንን የጫጩት ቤት ዞሮ ይይ፣ ሂርማታም፣ ጊንጆም፣ ቦሳም፣ በቾ ቦሬም፣ ማንም ቅር አይበለው። በሩ ጋ ጠረጴዛው ላይ ደብተር አለ፣ ስማችሁንና ስንት አምፖል እንደሰቀላችሁ ጻፉበት፣ ዛሬውኑ፣ ሻይ ሳትጠጡ። አመሰግናለሁ፣ ገለቶማ።