ማውስ ከመግዛትሽ በፊት እጅሽን ለኪ

ትዕግሥት፦ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከባሕር ዳር ነን። ትዕግሥት ነኝ፣ እንጀራዬ ሒሳብ ነው።

ይበልጣል፦ እኔ ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ አውቶካድ ላይ ነኝ፣ ቤት እስላለሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ማውስ ነው። አትሳቁ።

ትዕግሥት፦ ማን ይስቃል? ሰኔ ገባ እኮ። ሒሳብ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ ተማሪውም የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስተይበው አሁን ነው። አንዲት የደብረ ማርቆስ አድማጫችን በቴሌግራም ድምፅ ልካልናለች። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ኮፒ ቤት ነው የምትሠራው። ቀን ትተይባለች፤ ሌሊት አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ እየደነዘዙ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሷታል። እጇን ስታራግፈው ይለቃታል። «እናቴ ጅማትሽ ዞሮ ነው፣ ወጌሻ ጋ ሂጂ ትለኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ ያንን ቆሞ የሚያዘውን ማውስ ግዢ ትላለች። የማንን ልስማ?» ነው የምትለው።

ይበልጣል፦ ሁለቱንም ትንሽ ታቆያቸው። መጀመሪያ የትኛው ጣት ነው የሚደነዝዘው? አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣት ከሆነ፣ ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ነው የሚጠረጠረው። የእጅ አንጓችን ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ከሥሩ አጥንት ነው፣ ከላይ ጠንካራ ጅማት ተወጥሮበታል። በዚያች ቀዳዳ ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና ያ ነርቭ አንድ ላይ ያልፋሉ። ትንሽ ካበጠ የሚጨፈለቀው ነርቩ ነው።

ትዕግሥት፦ ትንሿ ጣት ከሆነችስ?

ይበልጣል፦ ያ ሌላ ነርቭ ነው፣ በክርን በኩል የሚያልፈው። ክርንን ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ መዋልም ያመጣዋል። ለእሱ ማውስ ብትቀይሪ ምንም አታተርፊም።

ትዕግሥት፦ ስለዚህ እህቴ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስሽ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ። እርግዝናም፣ ስኳርም፣ ታይሮይድም ይህንኑ መደንዘዝ ያመጣሉ፤ ሁሉን በማውስ ማላከክ አይቻልም። ብዙ ጊዜ ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ይታዘዛል፣ ምክንያቱም ስንተኛ እጃችንን አጥፈን ነው የምንተኛው። ወጌሻው ግን እባክሽ ይቅር። የተጨነቀ ነርቭ ላይ በአውራ ጣት መጫን ምን ይጠቅማል?

ይበልጣል፦ የእናቷን ቤት አታናጊ።

ትዕግሥት፦ እናቷን አከብራለሁ። ወጌሻውንም ለወለምታ አከብረዋለሁ።

ይበልጣል፦ እሺ ወደ ማውሱ። የመጀመሪያው ማውስ ከእንጨት ነበር የተሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ አሜሪካ ውስጥ። ዳግላስ ኤንግልባርት ያስባል፣ ቢል ኢንግሊሽ የሚባል መሐንዲስ ይሠራዋል። አንድ ቀን ሰው ስምንት ሰዓት ሙሉ ይጨብጠዋል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው። እስቲ አሁን እጅሽን ሰው ለመጨበጥ እንደሚዘረጋ ዘርጊው።

ትዕግሥት፦ ዘረጋሁ።

ይበልጣል፦ አሁን መዳፍሽን ወደ ጠረጴዛው ድፊው። ክንድሽ ላይ ሲጠማዘዝ ይሰማሻል? ክንድ ውስጥ ሁለት አጥንቶች አሉ። እጅሽ ለሰላምታ ሲዘረጋ ጎን ለጎን ናቸው፤ መዳፍ ሲደፋ አንዱ በሌላው ላይ ይሻገራል። በተራ ማውስ ቀኑን ሙሉ የምንቀመጠው እንደዚያ ነው። ቨርቲካል ማውስ የሚባለው ያንን መጠማዘዝ ይቀንሳል። ለምሳሌ ሎጂቴክ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ኤምኤክስ ቨርቲካል በ57 ዲግሪ ነው ያዘነበለው። ሙሉ በሙሉ ቀጥ ያለ አይደለም።

ትዕግሥት፦ ግን እኔ እዚህ ላይ ልቆጣ። ሰው «ቨርቲካል ግዛ» ሲባል መድኃኒት የታዘዘለት ይመስለዋል። ክንዱ አልተጠማዘዘም ማለት አንጓው አልታጠፈም ማለት አይደለም። ማውሱ ቆሞም አንጓህን ወደ ላይ ሰብረህ ከያዝከው፣ ያች ቀዳዳ ውስጥ ያለው ጫና እዚያው ነው።

ይበልጣል፦ ልክ ነሽ። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ተመልከቱ። እጃችሁን ገልብጡና አንጓው ሥር ያለውን እዩ። ሥራ ስትጨርሱ እዚያ ቀይ መስመር ታገኛላችሁ? የጠረጴዛው ጠርዝ የጣለው ነው። ኮፒ ቤት ውስጥ ያለውን አቀማመጥ ታውቁታላችሁ፤ ጠረጴዛው ከፍ ያለ፣ ወንበሩ ፕላስቲክ፣ ዝቅ ያለ። ክርን ከጠረጴዛው በታች ይቀራል፣ እጅ ሽቅብ ይወጣል፣ አንጓ በጠርዙ ላይ ይሰበራል። በዚያ ላይ የፈለግሽውን ማውስ ብታስቀምጪ ያው ነው።

ትዕግሥት፦ መፍትሔው ደግሞ ብር አይጠይቅም። ጋቢ አጥፈሽ ወንበሩ ላይ ማንጠፍ። ክርንሽ ከጠረጴዛው እኩል ይሁን፣ ወይ ትንሽ ከፍ ይበል። እግርሽ ከተንጠለጠለ የወረቀት ካርቶን ከሥሩ።

ይበልጣል፦ የወረቀት ካርቶን ኮፒ ቤት አይጠፋም።

ትዕግሥት፦ ሁለተኛው ርቀት ነው። ይህን የሒሳብ ሰው ይስማኝ። ኪቦርዳችን በስተቀኝ የቁጥር ረድፍ አለው አይደል? ማውሱን የሚገፋው እሱ ነው። እጅህ ከትከሻህ ወደ ውጭ ወጥቶ ይውላል። ማታ ትከሻዬን ትላለህ፣ አንገቴን ትላለህ። እኔ ምን አደረግሁ መሰለህ፣ ማውሱን ወደ ግራ አዛወርኩት።

ይበልጣል፦ ግራኝ አይደለሽም እኮ።

ትዕግሥት፦ አይደለሁም። ግን ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይም ኤክሴል ላይም ቀኝ እጄ ከቁጥሩ ላይ አይነሳም። በግራ ጠቅ አደርጋለሁ፣ በቀኝ እመታለሁ። መጀመሪያ ላይ ያበሳጫል፣ ጠቋሚው የሰከረ ነው የሚመስለው። ከለመድከው በኋላ ግን የቀኝ እጅ ሥራ ግማሹ ይቀንሳል። ከማውስ ሴቲንግ ገብተህ ዋናውን ቁልፍ ወደ ቀኙ መቀየር ብቻ ነው። እና ልብ በሉ፣ ይህ የሚሆነው በሁለቱም በኩል እኩል በሆነው በተራው ማውስ ነው። ለቀኝ እጅ የተቀረጸውን ቨርቲካል በግራ መያዝ አይቻልም።

ይበልጣል፦ የሞጣው ልጅ የጠየቀን ይህንን ነበር። ግራኝ ነው፣ ሱቅ ገብቶ ያገኘው ሁሉ ለቀኝ እጅ ነው። ወንድሜ፣ ለግራ እጅ የተሠራ አለ፤ የሎጂቴክ ሊፍት የግራ እጅ ዓይነት ወጥቶለታል። እዚህ ሱቅ ውስጥ ማግኘቱ ነው አስቸጋሪው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ አስልክ፤ ከሌለህ እኩል ቅርጽ ያለውን ያዝ።

ትዕግሥት፦ አሁን መጠን። ርዕሳችን እሱ ነው።

ይበልጣል፦ ማስመሪያ አምጡ። ከመሃል ጣት ጫፍ እስከ አንጓው የመጀመሪያ መስመር ለኩ። ሊፍት የሚባለው እስከ 19 ሴንቲሜትር ለሚደርስ እጅ የተሠራ ነው፤ ኤምኤክስ ቨርቲካል ከዚያ ለሚበልጥ። ይህን የምለው እነሱን ግዙ ለማለት አይደለም። ሱቅ ውስጥ የምታገኙት ስም የለሽ ቨርቲካል አብዛኛው ትልቅ ነው። ትንሽ እጅ ያላት ልጅ ስትይዘው ጣቷ ቁልፉ ጫፍ አይደርስም። ለመድረስ ትዘረጋለች፣ ትጨብጣለች። ከተራው ማውስ የባሰ ይሆንባታል።

ትዕግሥት፦ ታዲያ ሱቅ ስትገቡ ካርቶኑን አትመልከቱ። አስከፍቱት። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጨማድድም አስከፍቱት። ያዙት፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ጣቶቻችሁ ሳይዘረጉ ቁልፎቹ ላይ ያርፋሉ? ትንሿ ጣት ምን ታደርጋለች? አንዳንዱ ማረፊያ የለውም፣ ጠረጴዛውን እየፈተገች ትውላለች። አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎድጓዳ ቦታስ? ከዚያ ቁልፉን ተጫኑ። ቀላል መሆን አለበት። ግን አንድ ነገር፦ ቨርቲካሉ ቁልፉ በጎን ስለሆነ፣ ስትጫኑት ማውሱ ራሱ ወደ ጎን ከሸሸ ጣጣ ነው። ላለመሸሽ በአውራ ጣት ትይዙታላችሁ፣ ያ ደግሞ ሌላ ሕመም ነው።

ይበልጣል፦ እንደኔ የሚስል ሰው ደግሞ መሃለኛውን ጎማ ይጫን። አውቶካድ ላይ ሥዕሉን የምናንቀሳቅሰው ጎማውን ተጭነን ይዘን ነው። በቀን ስንቴ እንደምንጫነው ማን ይቆጥራል። ጎማው ደረቅ ከሆነ መሃል ጣት ያልቃል። ማስታወቂያው ላይ ስለ ዲፒአይ ይጽፋሉ፣ ስለ መብራት ቀለሙ ይጽፋሉ፣ ስለ ጎማው ድርቀት የሚጽፍ የለም። ለእኔ ግን ከዘንበል ማለቱ በፊት የማየው እሱን ነው።

ትዕግሥት፦ ትራክቦልስ? አንተ እኮ ወዳጁ ነህ።

ይበልጣል፦ በጣም! ማውሱ አይንቀሳቀስም፣ ኳሱን በጣት ታሽከረክሪዋለሽ፣ በቃ። ጠባብ ጠረጴዛ ላይ፣ ወረቀት በተከመረበት፣ እሱን የሚያክል የለም። ከማውስ ይቀድማል ብልሽስ? እ.ኤ.አ. በ1952 ለካናዳ ባሕር ኃይል ሲሠሩት የቦውሊንግ መጫወቻ ኳስ ነበር የገጠሙበት።

ትዕግሥት፦ ኧረ ባክህ!

ይበልጣል፦ እውነቴን ነው። ግን ሁለት ዓይነት ነው፦ በአውራ ጣት የሚሽከረከርና በጣቶች የሚሽከረከር። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ።

ትዕግሥት፦ እሱን ለእኔ ተውልኝ። ሕመማችሁ በአውራ ጣት ሥር፣ በአንጓው ጎን ከሆነ፣ የአውራ ጣቱን ትራክቦል አትግዙ። አራስ እናቶች ይህን ሕመም ያውቁታል፣ ሕፃን ብብት ሥር ይዘው ሲያነሱ ይወጋቸዋል። ስልክ በአውራ ጣት ሲገፋ የሚያመሽም ያውቀዋል። ያንን የታመመ ጣት ቀኑን ሙሉ ኳስ ማሽከርከሪያ ማድረግ ግፍ ነው። በጣቶች የሚሽከረከረው ይሻላል።

ይበልጣል፦ ደግሞ አቧራ። በጋ ላይ መንገድ ዳር ያለ ቢሮ ውስጥ ኳሱ ቶሎ ይጓጉላል። ኳሱን አውጥታችሁ፣ ከሥሩ ያሉትን ሦስቱን ትናንሽ ነጥቦች እዩ፤ እድፍ የሚከማቸው እዚያ ላይ ነው። በጥፍር ይነሳል። ሰው ይህን ሳያይ «ተበላሸ» ብሎ ይጥለዋል።

ትዕግሥት፦ ያ ጄል ያለው የአንጓ ትራስስ?

ይበልጣል፦ አልወደውም። ያ ለስላሳ ነገር የሚጫነው ያችኑ ቀዳዳ ነው። ካላችሁ የመዳፋችሁ ሥር ይረፍበት፣ እሱም እጃችሁ ሥራ ሲያቆም ብቻ። ማውስ ስታንቀሳቅሱ ከክርን ይሁን፣ አንጓችሁን ተክላችሁ ግራ ቀኝ አታወዛውዙት።

ትዕግሥት፦ የጠቋሚውም ፍጥነት ይነገር። ኮፒ ቤት ውስጥ አይቼ አላውቅም የሚያስተካክለው። ጠቋሚው አዝጋሚ ነው፣ ልጅቷ ማውሱን እያነሳች መልሳ እያስቀመጠች ስክሪኑን ታቋርጣለች። ሴቲንግ ውስጥ ትንሽ ማፍጠን ነው። ከመጠን በላይ ካፈጠንሽው ደግሞ ትንሽ ነገር ላይ ለማሳረፍ አጥብቀሽ መያዝ ታመጪያለሽ።

ይበልጣል፦ ባለገመድ ወይስ ገመድ አልባ የሚል ነበር፣ ከፍኖተ ሰላም። ገመድ አልባውን አንድ ትንሽ የባትሪ ድንጋይ ብዙ ወር ያስኬደዋል፣ ስለሱ አትጨነቁ። ገመዱ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እየተያዘ እጃችሁን የሚጎትት ከሆነ ገመድ አልባ ውሰዱ። የጋራ ቢሮ ከሆነ ግን ትንሿ የዩኤስቢ መቀበያ ትጠፋለች። እኛ ቢሮ ስንቷ ጠፍታለች።

ትዕግሥት፦ ታዲያ ለማርቆሷ ልጅ ምን ትላታለህ? በአጭሩ፣ ሰዓታችን አልቋል።

ይበልጣል፦ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። በዚህ መሃል ወንበሯን ከፍ ታድርግ፣ ማውሱን ወደ ራሷ ታስጠጋ። መተየብ ላይ ማውስ ብዙም አያስፈልግም፤ ኮንትሮል ሲ፣ ኮንትሮል ቪን ታውቃለች፣ ጠርዝና ገጽ ማስተካከሉንም በኪቦርድ ትልመደው። ከዚህ በኋላም ክንዷ ላይ መጠማዘዙ ከተሰማት፣ ለእጇ የሚሆን ትንሽ ቨርቲካል ትሞክር። የምትሞክረው ከሚያውቁት ሰው ተውሳ ቢሆን ደስ ይለኛል። አንድ ሳምንት ሳይይዙት አይታወቅም።

ትዕግሥት፦ ከኮፒ ቤቱ ባለቤት ጋ ተነጋግራም ቢሆን በሱቁ ሒሳብ ያድርገው። ዕቃው የሥራ ዕቃ ነው፣ የምትሠራውም ለእሱ ነው።

ይበልጣል፦ ይሰማሻል ብለሽ ነው?

ትዕግሥት፦ ሰኔ ላይ ታይፒስት ከሚያጣ ማውስ መግዛት ይሻለዋል። በሉ፣ ሳምንት ስለ ወንበር ነው፤ ጥያቄ ያላችሁ በድምፅ ላኩልን፣ አጭር ይሁን። ደኅና ሁኑ።

ይበልጣል፦ ደኅና ሁኑ።