የትኞቹ 90ዎቹ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባሕር ዳርም ሁኑ ደብረ ማርቆስ፣ ቻግኒም ሁኑ ሞጣ፣ ቴሌግራም ከከፈታችሁ ይህች ጥያቄ ሳታገኛችሁ አትቀርም፦ «የ90ዎቹ ምርጥ 10 አልበሞች፣ ደርድሩ!» ዛሬ የማወራው ስለዚህ ጨዋታ ነው።

እኔ ጨዋታውን እወደዋለሁ። ሰውን «ሙዚቃ ትወዳለህ?» ብትሉት «አዎ» ብሎ ያልፋችኋል። «ሦስት ዘፈን ብቻ ጥራ» ስትሉት ግን ይጨነቃል፤ አንዱን ያነሣል፣ አንዱን ይጥላል፣ ተመልሶ የጣለውን ያነሣል። የሚጣፍጠው መጥበቡ ነው። በቅኔ አገር ይህን ማስረዳት አያሻም፤ ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭሩ ቅኔ በሁለት ቤት ማለቅ ስላለበት ነው ባለቅኔው ለእያንዳንዷ ቃል የሚሳሳው።

ታዲያ ለምን ያናድዳል? ኮሜንት ላይ የሚነሣው ጠብ በአብዛኛው የጣዕም ጠብ አይመስለኝም። ጥያቄው ሲጀመር በደንብ ስላልተሠራ ነው።

«የ90ዎቹ» የምትለዋን እንያት። በእኛ ከሄድን ከመስከረም 1990 እስከ ጳጉሜን 1999 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ከሄድን ደግሞ ከታኅሣሥ 1982 እስከ ታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ይሆናል። ሁለቱ የሚገናኙት ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ነው! ቴዲ አፍሮ በ1997 ያወጣው «ያስተሰርያል» በአንዱ ቆጠራ ከነሙሉ መብቱ ይገባል፣ በሌላው ጭራሽ አይታሰብም። አንዱ «እንዴት ትረሱታላችሁ!» ሲል ሌላው «ዘመኑ መች ሆነና!» ይላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ስለዚህ ስትጠይቁ «ከ1990 እስከ 1999 ዓ.ም. የወጡ» ብላችሁ ጻፉ። «ዓ.ም.» የምትለዋን አትርሷት።

ሁለተኛው «የጎጃም ምርጥ ድምፃዊ» የሚለው ነው። ጎጃም ማለት ምን ማለት ነው? የትውልድ ቦታ ነው ወይስ ዜማው? እጅጋየሁ ሽባባው ቻግኒ ተወለደች፤ ግን ሥራዋ ከጎጃም ዜማ ብዙ ርቆ ይሄዳል። ሙሉቀን መለሰም ጎጃም ነው የተወለደው፤ በልጅነቱ አዲስ አበባ ገባ፣ ዝናውንም እዚያ አገኘ፣ በኋላ ደግሞ ዘፈኑን ትቶ ወደ መንፈሳዊ መዝሙር ዞረ። በየትኛው ነው የምንመዝነው? «ጎጃም የተወለዱ» ወይም «በጎጃም ስልት የተዘፈኑ ዘፈኖች» ብሎ መለየት አንድ መስመር ነው የሚፈጀው። እኔን ብትጠይቁኝ ሁለተኛው ይሻላል፤ ጨዋታው ከልደት ወረቀት ወጥቶ ወደ ዘፈኑ ይመለሳል።

አሁን ወደ ቆጠራው። ፖል (የድምፅ መስጫ) ስትከፍቱ እያንዳንዱ ሰው አንድ ብቻ እንዲመርጥ ካደረጋችሁ ድምፅ ይበተናል። 100 ሰው አለ እንበል። 60ው የድሮ ዘፋኝ ወዳድ ነው፣ 40ው የአዲስ። ሦስት የድሮ ዘፋኞችና አንድ አዲስ አስገባችሁ። የድሮዎቹ 22፣ 20 እና 18 ይካፈላሉ፤ አዲሱ በ40 ያሸንፋል። ከግማሽ በላይ የሆነው ሰው «ማን መረጠው?» እያለ ይበሳጫል። መፍትሔው ቴሌግራም ውስጥ አለ፤ ፖሉን ስትሠሩ ብዙ መልስ መምረጥ የሚፈቅደውን ምርጫ አብሩት። ከመላካችሁ በፊት ግን ስሞቹን ደግማችሁ አንብቡ።

ሰው በጽሑፍ ይመልስ ካላችሁ ደግሞ ፊደላችን ይፈትናችኋል። ፀሐዬ ዮሐንስን ውሰዱ። መጀመሪያው ፊደል በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ፣ ሁለተኛው በሀ፣ በሐ ወይም በኀ፣ «ዮሐንስ» ውስጥ ያለውም እንደገና በሦስቱ። 2 በ3 በ3 ሲባዛ 18 ዓይነት ፀሐዬ ዮሐንስ! ሃ፣ ሓ እና ኃ ሲጨመሩበት ደግሞ ቁጥሩ ከዚህም ያልፋል። ኤክሴል እያንዳንዱን እንደ ሌላ ሰው ነው የሚቆጥረው፤ ትልቅ ዘፋኝ ተሸራርፎ ከታች ይገኛል። ከመቁጠራችሁ በፊት በፈልግና ተካ (Find and Replace) ፀን ወደ ጸ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ ቀይሩ፤ ሃ፣ ሓ እና ኃንም ወደዚያው ሀ። የቀሩትን እርባታዎችም እንዲሁ፣ ሡን ወደ ሱ፣ ሢን ወደ ሲ። ከስም በኋላ የቀረ ባዶ ቦታም ይለያያቸዋልና እሱንም አጥፉ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ለሰው ድምፅ ክብር ካላችሁ አትዝለሉት።

ጥሎ ማለፍም አለ። 16 ዘፋኝ ካስገባችሁ 15 ግጥሚያ ያስፈልጋል፤ በቀን አንድ ብታደርጉ ሁለት ሳምንት አልፎ ሰው ይሰለቻል። 8 ይበቃል፣ 7 ግጥሚያ ነው። ዕጣ አታውጡ፤ ሁለቱ ኃያላን መጀመሪያ ቀን ከተገናኙ ሁለተኛ መውጣት የሚገባው በመጀመሪያው ዙር ይወድቃል። ደረጃ ሰጥታችሁ 1ኛን ከ8ኛ፣ 4ኛን ከ5ኛ በአንድ ወገን፣ 2ኛን ከ7ኛ፣ 3ኛን ከ6ኛ በሌላው ወገን አድርጓቸው።

ከሁሉ የሚያስመርረኝ «10 ቀን፣ 10 አልበም፣ በየቀኑ አንድ ሰው ታግ አድርግ» የሚለው ነው። አንዱ 10 ሰው ይጠራል፣ እነሱ 100፣ እነዚያ 1,000። ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ አንዱ ሰው ሦስት አራት ጊዜ ይጠራል፤ ዝም ቢል «ኮራ» ይባላል። ታግ ከማድረግ ይልቅ «የፈለገ ይምጣ» ማለት ይሻላል። «የመጀመሪያ ትምህርት ቤትህ፣ የመጀመሪያ ስልክህ» የሚሉትን ደግሞ እለፏቸው፤ የይለፍ ቃል ሲጠፋ የሚጠየቁት ጥያቄዎች እነዚሁ ናቸው።

የልጅነቱ እንቆቅልሽ አንድ የበለጠበት ነገር አለው። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ»፤ መልሱ ከጠፋ «አገር ስጠኝ»፣ አገር ይሰጣል፣ መልሱ ይነገራል፣ ወደ ሌላው ይታለፋል። መዝጊያ አለው። የቴሌግራሙ ፖል ግን ሳይዘጋ ወር ይሰነብታል፣ ሰውም ውጤቱን ሳይሆን ጠቡን ያስታውሳል። ኔትወርክ የሚቆራረጥበትን ሰው አስባችሁ ሦስት ቀን ስጡ፤ የገበያው ቀንና እሑድ ቢገቡበት ጥሩ ነው። የመዝጊያውን ሰዓት ከላይ ጻፉ፦ «እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር»፤ ውጭ አገር ላለው ወገን ደግሞ በአዲስ አበባ ሰዓት 20:00 መሆኑን ጨምሩበት። ሰዓቱ ሲደርስ ፖሉን ዝጉት፣ የመጨረሻውን ቁጥር እዚያው ለጥፉት።