ልብሱ ውስጥ ሰው አለ

እንደምን አመሻችሁ የደሴ ልጆች፣ ከኮምቦልቻም ከሐይቅም የመጣችሁ፣ እናቶቼ አባቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ማውራት የፈለኩት ሴትን ስለመሳል ነው፣ በተለይ ደሞ ስለለበሰችው ነገር፣ ምክንያቱም «የወሎ ቆንጆ» ሳሉ ስንባል ሁላችንም አንድ ስዕል ነው የምንሰራው፣ ትልልቅ አይን፣ ሹሩባ፣ ጨሌ፣ ከዛ ነጭ ቀሚስ እንደ ወረቀት ይለጠፍባትና አለቀ። ልብሱ ውስጥ ሰው የለም። ይሄ እውነት ለመናገር ያመኛል።

እስቲ ነጠላ የለበሰች ሴት ቆማ እዩ። ክብደቷን ቀኝ እግሯ ላይ ከጣለች ቀኝ ዳሌዋ ከፍ ይላል፣ ቀኝ ትከሻዋ ዝቅ ይላል፣ ጨርቁ ደሞ የሚንጠለጠለው ከትከሻና ከክርኗ ስለሆነ እጥፋቱ ሁሉ ከዛ ነው የሚነሳው እንጂ ዝም ብሎ ከአየር ላይ አይመጣም። መቀነት ስትታጠቅ ቀሚሱ ወገቧ ላይ ይሰበሰብና ከታች ይዘረጋል፣ ያቺው ሴት ረዘም ብላ ትታያለች። ስለዚህ መጀመሪያ አካሏን በእርሳስ ሞነጫጭሩ፣ ከዛ አልብሷት። ነጩም ቢሆን ነጭ አይደለም፣ ስስ ሸማ ጥላ ሲያርፍበት ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይሄዳል፣ ክንዷ ላይ ሲተኛ የቆዳዋ ቀለም ያልፋል፣ ድርብ ሆኖ ፀሐይ ያገኘው ቦታ ብቻ ነው ንፁህ ነጭ የሚፈልገው።

አለባበሱ ደሞ ከዚህም ይበልጣል። ያው አንድ ነጠላ፣ ቤተክርስቲያን ስትስም መስቀለኛ ታጣፋዋለች፣ ለቅሶ ስትሄድ ጥለቱን ወደ አንገቷ ታዞረዋለች፣ ድግስ ላይ አደግድጋ ታስተናግዳለች። ፊቷን ሳትነኩት ሶስት ሰው ሆነች እኮ! ጥለቱ ያምራል ብሎ ሙሽራ አንገት ስር ያስቀመጠው ሰዓሊ ሳያውቀው ሐዘንተኛ ሳለ ማለት ነው፣ እናቶቻችን ገና ሲያዩት ያውቁታል፣ ጠይቋቸው።

የድሮዎቹ ሰዓሊዎች ይሄ ገብቷቸው ነበር። ጣና ላይ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሰሩት ናርጋ ሥላሴ ውስጥ እሳቸው ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ስር ተደፍተው ተስለዋል፣ መሬት ላይ ወድቀውም እቴጌነታቸውን የሚናገረው ልብሳቸው ነው።

እኛ ደሞ አጠገባችን ባቲ አለች። ሰኞ ገበያው ላይ የአፋሯ ጥቁር ሻሽ፣ ከደጋ የወረደችው ነጠላ፣ ሂጃብ ያደረገችው ነጋዴ፣ ሁሉም ባንድ ፀሐይ ስር ናቸው፣ ጥቁሩ ብርሃኑን ውጦ ፊቷን ያወጣዋል፣ ነጩ ደሞ ብርሃኑን ከስር ወደ አገጯ ይመልሳል። ፎቶ ላይ ይሄ አይታይም፣ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ግን አስፈቅዱ፣ እምቢ ካለች እምቢ ነው።

በሚቀጥለው ሰኞ በጠዋት እንወርዳለን። መምጣት የሚፈልግ ወረቀትና እርሳስ ይያዝ፣ ቀለም አያስፈልግም። አመሰግናለሁ።